ስኪን በገዛ እጅ ስለ መሥራት

በአገራችን ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው እንጂ ወራት ሙሉ መሬቱን ሸፍኖ የሚከርም በረዶ አይደለም። ስለዚህ አንድ አንባቢ «ስኪ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም ስለ ኢትዮጵያ በስኪ ተወዳድሯል። አገራችንም በክረምት ኦሊምፒክ ስትካፈል ያ የመጀመሪያዋ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ከዚህም በላይ ስኪ በቤት ውስጥ በእጅ ሊሠራ የሚችል ዕቃ ስለሆነ፣ በክፍል የምንማረው ሒሳብና ፊዚክስ ከአናጢ መላጊያ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በግልጥ ያሳየናል።

ስኪ ምን ይጠቅማል?

ስኪ ማለት ከእግር ሥር የሚታሰር፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ረጅምና ጠባብ የበረዶ መንሸራተቻ ነው። ጥቅሙን በቁጥር እንመልከተው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሁለቱ የጫማው ሶሎች በድምሩ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 117 ግራም ያህል ያርፋል። ይኸው ሰው እያንዳንዳቸው 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት ስኪዎች ላይ ቢቆም ስፋቱ 2,520 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናልና ጫናው ወደ 28 ግራም ይወርዳል። ይኸውም ከአራት እጅ አንድ እጅ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። በእግሩ ቢሄድ እስከ ጉልበቱ የሚሰምጠው ሰው በስኪ ከበረዶው በላይ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ እውነት የሚሆነው ስኪው በትክክል ከተሠራ ብቻ ነው። ጥሩ ስኪ ሰው ሳይቆምበት በጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲቀመጥ መካከሉ እንደ ቀስት ጥቂት ከፍ ይላል፤ ወለሉን የሚነኩት ወደ ሁለቱ ጫፎች ያሉት ክፍሎች ናቸው። ሰው ሲቆምበት ቀስቱ ይረግብና ክብደቱን እስከ ጫፎቹ ያደርሰዋል። ቀስት የሌለው ልል ጣውላ ከሆነ ግን ጫናው ሁሉ ከእግር ሥር ይከማቻል፤ የርዝመቱም ጥቅም ይቀራል። እንግዲህ ስኪ ጣውላ ብቻ ሳይሆን ሞላ ጭምር መሆኑን እንገነዘባለን።

የቀድሞ ሰዎች ሥራ

ይህ ጥበብ እጅግ የቆየ ነው። በኖርዌይ አገር ዲገርቫርደን በተባለው ተራራ ላይ በረዶው ሲቀልጥ በ2014 አንድ ስኪ፣ በ2021 ደግሞ ሁለተኛው ተገኝቷል። ዕድሜያቸው 1,300 ዓመት ያህል ነው። ሁለተኛው ስኪ 187 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ እግር የሚታሰርበትም ከተጠማዘዘ የበርች ቅርንጫፍና ከጠፍር የተሠራ ነው። ሁለቱ ስኪዎች ፍጹም እኩል አይደሉም፤ የተጠገኑበትም ምልክት ይታያል። ባለቤቱ ሲሰበርበት የሚጥል ሳይሆን የሚጠግን ሰው እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሶንድረ ኖርሃይም የተባለ ሰው በዚያው በኖርዌይ በቴለማርክ አውራጃ ተነሣ። በ1825 ሞርገዳል በተባለ መንደር የተወለደው ይህ ሰው የራሱ ርስት የሌለው ድሀ ጭሰኛ ነበር፤ ስኪዎቹን የሚጠርበው ግን በገዛ እጁ ነው። ወገባቸው ቀጠን ያሉ ስኪዎችና ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ የተጠማዘዘ ቀጭን እንጨት ማሰሪያ በመሥራት ስሙ የታወቀ ሆነ። በ1868 በ42 ዓመቱ ወደ ዋና ከተማው ሄዶ በውድድር ላይ ተመልካቹን አስደነቀ።

አሠራሩ

አንደኛ፣ በጥንቱ አሠራር ሠሪው ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለበትና በሚገባ የደረቀ የበርች ወይም የአሽ ጣውላ ይመርጣል። ጭረቱ ከጎን የሚወጣ እንጨት በታጠፈ ጊዜ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ጣውላው በመላጊያ ቅርጽ ከያዘ በኋላ አፍንጫው በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ይለሰልሳል፤ ወዲያውም በቅርጽ ማውጫ ላይ ታጥፎ በሞርሳ ይታሰርና እስኪደርቅ ይቆያል። በመጨረሻ ውሃ እንዳይገባው ሥሩ በእሳት እየሞቀ የዛፍ ዝፍት ይጠጣል።

ሁለተኛ፣ በዛሬው ዘመን በቤታቸው ስኪ የሚሠሩ ሰዎች ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎችን በኮላ አጣብቀው እምብርቱን ያወጣሉ። እምብርቱ በመካከል 10 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በጫፎቹ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሆን ይላጋል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ እንደሚከተለው ይደረደራል፤ በመጀመሪያ ፖሊኢትሊን የተባለው አንሸራታች ፕላስቲክ፣ በዙሪያውም የአረብ ብረት ጠርዝ፣ ቀጥሎ በኢፖክሲ የራሰ ፋይበርግላስ፣ ከዚያ እምብርቱ፣ እንደገና ፋይበርግላስ፣ በመጨረሻም የላይኛው ሽፋን። ፖሊኢትሊን በተፈጥሮው ኮላ ስለማይቀበል የሚጣበቀው ፊቱ አስቀድሞ በእሳት ነበልባል መዳበስ አለበት።

ሦስተኛ፣ ድርድሩ ቀስት ባለው ቅርጽ ማውጫ ላይ ይጨመቃል። አንዳንዶች በፕላስቲክ ከረጢት ከተው አየሩን በፓምፕ ይመጡታል። በባሕር ወለል አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚጫን፣ 1,800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስኪ ላይ ወደ 1,800 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኀይል ያርፋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ ሳሳ ያለ ነውና ይህ ኀይል ሩብ ያህል ይቀንሳል። ኢፖክሲ ቆዳን ስለሚጎዳ ጓንት ማድረግ፣ የፋይበርግላስ ብናኝም ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍንና አፍንጫን መሸፈን፣ በር መስኮቱንም መክፈት ግዴታ ነው።

የአንድ ሚሊ ሜትር ዋጋ

ከሥራው ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው የእምብርቱ ውፍረት ነው። የአንድ ጣውላ ለመታጠፍ እንቢተኝነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ከውፍረቱ ሦስተኛ ብዜት ጋር ይሄዳል እንጂ። የ10 ሦስተኛ ብዜት 1,000 ነው፤ የ9 ግን 729 ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ከነበረው እንጨት በስሕተት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ የላጋ ሰው ከጥንካሬው ከሩብ የበለጠ አጥፍቷል ማለት ነው። አንዱ ስኪ ጠንካራ፣ ሁለተኛው ልል ከሆነ ደግሞ ቁልቁለት የሚወርደውን ሰው ሁለቱ እግሮቹ አይታዘዙለትም። ስለዚህ ሠሪው ጥንዱን ሥር ለሥር ገጥሞ መካከላቸውን በእጁ ይጨምቃል፤ ሁለቱም እኩል መርገብ አለባቸው። ከመጠን ያለፈ እንጨት ነገ ይላጋል፤ የተላገ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ደጋግሞ የሚለካ ሰው ከሚቸኩለው ቀድሞ የሚጨርሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፣ በእጅ መሥራትን እንደ ዝቅተኛ ነገር የሚቈጥር አስተሳሰብ በመካከላችን ፈጽሞ አልጠፋም። የእጅ ባለሙያ በገዛ ቀዬው የተናቀባቸውን ዘመናት ወላጆቻችን ያውቃሉ። ነገር ግን ሦስተኛ ብዜትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያወቀ ሰው ግማሹን አወቀ፤ መላጊያ ይዞ አንድ ሚሊ ሜትርን የጠበቀ ግን ሙሉውን አወቀ። ያ ድሀ ጭሰኛ ኖርሃይም በ1884 ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በ1897 በዚያው ሞተ። በ1952 የክረምት ኦሊምፒክ በኦስሎ ሲደረግ ግን ችቦው የተለኮሰው ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ሞርገዳል ውስጥ እርሱ ከተወለደባት ትንሽ ቤት ምድጃ ነው። እኛም በየቤታችን ካለው መጋዝና መላጊያ፣ ለአገራችን ከሚስማማውም ሥራ እንጀምር።