ዝም ያለ ልጅ አልፈራም ማለት አይደለም



የዛሬውን ትምህርታችንን የምንጀምረው ከአንድ ፊልም ነው። በ2017 የወጣ ሲሆን ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «ከሩቅ የሚሰማ የውሾች ጩኸት» እንደ ማለት ነው። ሲሞን ሌሬንግ ቪልሞንት የተባለ የዴንማርክ ፊልም ሠሪ በምሥራቅ ዩክሬን፣ ከጦር ግንባር አጠገብ ባለች መንደር የሚኖር ኦሌግ የተባለ የ10 ዓመት ልጅ እየተከተለ የቀረፀው ነው። ልጁ እናቱ ሞታለች፤ የምታሳድገው አያቱ አሌክሳንድራ ናት። ተዋናይ የለበትም፤ የሚታየው እውነተኛ ኑሮአቸው ነው። ውጊያው ራሱ ብዙም አይታይም። የመድፉ ድምፅ ይሰማል፤ እኛ የምናየው ግን የልጁን ፊት ነው።

ይህን ፊልም እዚህ አፉላ ከጥቂት እናቶችና አያቶች ጋር ቁጭ ብለን አየነው። ንግግሩን ከመካከላችን የሚሰማው አልነበረም፤ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበብን ወደ አማርኛ እንመልስ ነበር። አንዲት እናታችን ግን ትርጉሙን ሳይጠብቁ «ይኼ የኔ የልጅ ልጅ እኮ ነው» አሉ።

ለምን እንዳሉ እናውቃለን። አፉላ በጁላይ 2006 ከሊባኖስ የተተኮሰ ሮኬት ሲደርስባት ብዙዎቻችን ማማድ በሌላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ነበርን፤ ልጆቻችንን አቅፈን ደረጃ ላይ ቆመናል። ያኔ የታቀፉት ልጆች ዛሬ እነሱ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ሮኬቱ እንደገና ወደ ኤሜክ ይዝራኤል ደረሰ፤ በጁን 2025 ደግሞ ከኢራን ጋር በነበረው የ12 ቀን ጦርነት ሌሊት ሌሊት አዛካው ቀሰቀሰን።

የእኚህ እናታችን የልጅ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አዛካ ሲጮህ ከሁሉ ቀድሞ ማማድ ይገባል፤ ስልኩን ይዞ የት እንደ ወደቀ ለአያቱ ያነብላቸዋል። አያለቅስም፣ አይጠይቅም። ቤታቸው በሄድን ጊዜ «ልጁስ?» ብንላቸው «ደህና ነው፣ ድምፁም አይሰማ» አሉን። ቡና ከተፈላ በኋላ ነው ሌላው የመጣው፤ ሌሊት አልጋውን ያረጥባል፣ ጧት ጧት ሆዴን አመመኝ ይላል። ኩፓት ሆሊም ወስደውት ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሲደነግጥ አእምሮው ለሰውነቱ ሁሉ «ተነሥ፣ ሩጥ» የሚል ትእዛዝ ይልካል። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይጠነክራል፣ የሆድ ሥራ ይዛባል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ሰውነቱ አዛካ ባይኖርም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። እንቅልፉ ይረበሻል፣ ትቶት የነበረው አልጋ ማርጠብ ይመለሳል፣ ትንሹም ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ይላል። ይህ ብልግና አይደለም፤ ልጅ በዚህ ሊመታም ሊሰደብም አይገባም። አልጋውን ሳትናገሩ ለውጡለት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ልጁ አልጋ ከማርጠቡ ጋር ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ የሚከሳ ከሆነ ፍርሃት ነው ብላችሁ አትቀመጡ። የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ዝምታው እንመለስ። እኛ «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። በ1984 በሱዳን መንገድ ሌሊት ሲሄዱ የነበሩ ልጆች እንዳያለቅሱ ተብሎ አፋቸው ይያዝ ነበር፤ ድምፅ ከተሰማ ሽፍታ ወይም ወታደር ይመጣል። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል። ስለዚህ ዝምታ ሕይወት ያተረፈ ነገር ነው፤ ማንም በዚህ ሊወቅሰን አይችልም። ማማድ ውስጥ ግን ሮኬቱ የልጁን ድምፅ አይሰማም። እዚያ ዝም ማለት የሚጠቅመው ነገር የለም፤ የልጅ ሆድ ደግሞ ገና ትንሽ ናት።

አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ የሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ልጆችን ይከታተሉ ነበር። ያዩት ነገር ብዙ ሰው የሚጠብቀው አልነበረም። ከተረጋጋች እናት ጋር ሆኖ ድብደባውን ያለፈ ልጅ ያን ያህል አልተጎዳም፤ ወደ ሰላማዊ ገጠር ተልኮ ከእናቱ የተለየው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የባሰ ተጎድቶ ተገኘ። ልጅ አደጋውን የሚለካው በእናንተ ፊት ነው። አሌክሳንድራም በፊልሙ ውስጥ ፈርታ ሳለ ልጁን አቅፋ ታናግረዋለች። አለመፍራት አይጠበቅባችሁም። «እኔም ደነገጥሁ፤ አሁን ግን በሩ ተዘግቷል፣ አብረን ነን» ማለት ይበቃል።

አገራችን ውስጥ የተገኘም ብልሃት አለ። በ2006 ጦርነት ጊዜ ከሰሜን ሸሽተው ድንኳን ሠፈር ለገቡ ልጆች ሂቡኪ የሚባል የውሻ አሻንጉሊት ይሰጣቸው ነበር። ፊቱ ያዘነ፣ እጆቹ ረጃጅምና አንገት ላይ የሚጠመጠሙ ናቸው። ልጁን «ፈርተሃል?» አይሉትም፤ «ይህ ውሻ አዝኗል፣ አንተ ተንከባከበው» ይሉታል። ልጁም ስለ ውሻው እያወራ የራሱን ያወጣል። በ2008 የወጣው ጥናት አሻንጉሊቱን የተቀበሉት ልጆች ጭንቀት መቀነሱን አሳይቷል። በቤታችሁ ያለ ማንኛውም አሻንጉሊት ለዚህ ጨዋታ ይሆናል።

ሌላው የሚያሳስበን ስልኩ ነው። ዕብራይስጥ ስለሚያነብ ብቻ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የቤቱ ዜና አንባቢ መሆን የለበትም። ማን እንደ ሞተ፣ የት እንደ ወደቀ አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ከሆነ፣ እሱን ማን ያጽናናዋል? ትልቅ ሰው ፈልጉ፤ ጎረቤት ይሁን፣ ዘመድ ይሁን፣ እኛም አለን። ሐኪም ዘንድም ልጁ ስለ ራሱ ሕመም አስተርጓሚ አይሁን። ከጎንደር ዘመድ ደውሎ ስለ ውጊያ ሲነግራችሁም ስልኩን በድምፅ ማጉያ አትክፈቱት።

እነዚህ ምልክቶች በአብዛኛው አደጋው ካለፈ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ። ከአንድ ወር ካለፉ፣ ወይም ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም፣ አልበላም ካለ ለኩፓት ሆሊም የልጆች ሐኪም ወይም ለትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ንገሩ። መሞት እፈልጋለሁ የሚል ልጅ ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ውሰዱት። የኤራን የስልክ ቁጥር 1201 ነው።

እኚያ እናታችን አንድ ማታ ማማድ ውስጥ ለልጁ በእግር ስለ መጡበት መንገድ ነገሩት። ከዚያ በፊት ለማንም አውርተው አያውቁም። ልጁ የጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ «አንቺም ሌሊት ልብስሽ ላይ ሸንተሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ነበር። «አዎ፣ ያውም ብዙ ጊዜ» አሉት፤ እየሳቁ ነው የነገሩን። ልጁ ከዚያ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል አልጋውን አርጥቧል።