የታዘዘውን ያልሰማ መብራት
በድምፅ የሚታዘዝ ቤት ጕድለቱ የት እንደ ሆነ ስለ መመርመር

በድምፅ የሚታዘዝ መብራት ለብዙ ሰው የቅንጦት ዕቃ ይመስላል። እጁን ዘርግቶ ማብሪያውን መጫን የሚችል ሰው ስለ ምን ብሎ ከግድግዳ ጋራ ይነጋገራል የሚለው ክርክር በመኝታ ቤቶቻችን ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። መልሱ አጭር ነው፤ እጁን መዘርጋት የማይችል ሰው አለ። ጕልበቷ የከዳት አሮጊት፣ አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ፣ የማሞቂያውን መጥፋት በዐይኑ ማረጋገጥ የማይችል ዐይነ ስውር የትምህርት ጓደኛችን በደባርቅ ብርድ ሌሊት የሰው እርዳታ ሳይጠብቁ ቤታቸውን ሊያዝዙበት የሚችሉበት መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ «ይህ ነገር አማርኛ አይሰማም» ተብሎ መሣሪያው ወደ ሣጥኑ ከመመለሱ በፊት፣ ጕድለቱ ከየት እንደ መጣ በሥርዐት መመርመር ይገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአማርኛ አይደለም።

ከአፍ የወጣው ቃል መብራቱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ አራት በር ያልፋል። ማይክሮፎኑ ድምፁን ይይዛል፤ ድምፅ ለዪው ፕሮግራም ድምፁን ወደ ፊደል ይለውጣል፤ ሌላ ፕሮግራም ጽሑፉን አንብቦ ምን እንደ ታዘዘ ይወስናል፤ በመጨረሻም ሪሌይ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ መስመሩን ይዘጋል ወይም ይከፍታል። አንዱ በር ከተዘጋ ውጤቱ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ መብራቱ አይበራም። ስለዚህ በእያንዳንዱ በር ቆሞ የገባውንና የወጣውን ማየት እንጂ ከደጅ ሆኖ ደጋግሞ መጮኽ ምርመራ አይባልም።

ነገሩ ከተጀመረ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት «ኦድሪ» የተባለች መኪና ሠርተው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቍጥሮች ከሰው አፍ ለይታ እንድታውቅ አድርገዋል፤ ሆኖም በደንብ የምትሰማው የለመደችውን ሰው ድምፅ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ አይ.ቢ.ኤም. በሲያትል ኤግዚቢሽን ያሳየው «ሹቦክስ» 16 ቃላት ያውቅ ነበር። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች የፈለጉትን ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ነገር ግን የኦድሪ ጠባይ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ያልለመዱትን ድምፅ ሲሰሙ ይደናገራሉ።

ምርመራው ከጆሮ ይጀምር። ማይክሮፎኑ የያዘውን ድምፅ በፋይል አስቀምጦ በራስ ጆሮ መስማት የሁሉ መጀመሪያ ነው። ይህን ሳያደርጉ ፕሮግራም የሚቀያይሩ ሰዎች ጊዜያቸውን በከንቱ ያጠፋሉ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ እንደ መሆኗ ክረምቱ ብርቱ ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ መደማመጥ ያቅታቸዋል። መፍትሔው ማይክሮፎኑን ማቅረብ ነው። በተናጋሪውና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቍጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የዝናቡ ጩኸት ግን ባለበት ይጸናል። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ከቤቱ ማዕዘን ወደ ራስጌ ማምጣት ውድ ማይክሮፎን ከመግዛት ይበልጣል። የግድግዳውም ነገር አለ። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ድምፁን እየመለሰ ፊተኛውን ቃል በኋለኛው ላይ ያነባብረዋል፤ አቡጀዴ ኮርኒስ የተወጠረበት የጭቃ ቤት ግን ድምፁን ውጦ ያስቀራል። በዚህ ረገድ የአያቶቻችን ቤት ከአዲሱ ሕንፃ ለድምፅ ለዪ መኪና ይመቻል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚሁ ጋራ የመቅረጫው ፍጥነት መታየት አለበት። ብዙዎቹ ድምፅ ለዪዎች በሴኮንድ 16,000 ጊዜ የተለካ ድምፅ ይጠብቃሉ። በ44,100 የተቀረጸውን ሳይለውጡ እንደ 16,000 አድርገው ቢሰጡት፣ ንግግሩ ባትሪው እንደ ደከመ ቴፕ ተጎትቶና ወፍሮ ይደርሰዋል። በ8,000 የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ ከመጀመሪያው ጠፍቷል፤ የ«ሰ» ፉጨት ትልቁ ክፍል የሚገኘው ከዚያ በላይ ስለ ሆነ «ሰ» እና «ፈ» ይምታታሉ።

ጆሮው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ሁለተኛው በር ይመርመር። ጥያቄው ይህ ነው፤ ፕሮግራሙ አማርኛን ከማን አፍ ተማረ? ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የድምፅ ስብስብ ለማስተማሪያ 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ያህል ንባብ የያዘ ሲሆን፣ በአማርኛ ለተሠሩት ብዙ ጥናቶች መነሻ ሆኗል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ሆኖም ንባብ ነው። ከወረቀት የሚያነብ ሰው ድምፅና ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ «ኧረ መብራቱን!» የሚል ሰው ድምፅ ልዩ ልዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦፕንኤአይ ያወጣው ዊስፐር የተማረው ከ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ የሆኑት 96 ቋንቋዎች በገዛ ቋንቋቸው እንዲጻፉ የተማረባቸው 117,000 ሰዓት ብቻ ነው፤ አማርኛም ከነዚሁ ጋራ ተሻምቶ ነው። ይህ ፕሮግራም ሌላም ነውር አለበት፤ ዝምታ ሲሰጡት ማንም ያልተናገረውን ቃል ፈጥሮ ይጽፋል። ስለዚህ ንግግር የሌለበትን ክፍል ቈርጦ ማስቀረት ያስፈልጋል።

የአገር አነጋገርም ይቈጠራል። ከራስ ደጀን ሥር ካለችው ከአምቢኮ የመጣ ተማሪና አዲስ አበባ ያደገ ተማሪ እኩል አይሰሙም። በሰሜኑ አገር አንዳንድ ሰው «ከ»ን አላልቶ «ኸሳሎኑ» ሲል፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው «ከሳሎኑ» ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ሦስት ሰዎች፣ ይልቁንም አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ያሉበት፣ አንዱን ትእዛዝ ሃያ ሃያ ጊዜ ይናገሩና የተጻፈው ሁሉ በደብተር ይመዝገብ። አንዱ ሰው ብቻ ካልተሰማ ጕድለቱ በፕሮግራሙ ትምህርት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ሦስቱም ካልተሰሙ በማይክሮፎኑ ነው፤ ጽሑፉ ትክክል ሆኖ መብራቱ ዝም ካለ ግን ሦስተኛው በር ላይ ደርሰናል።

እኛ እንደምናየው የአማርኛ ተማሪ ከማንም ይበልጥ ሊያተኩርበት የሚገባው ይህ ሦስተኛው በር ነው። ምክንያቱም የውጭ አገር ሰው ሊያርምልን አይችልም። ራዲዮን ዝም ለማሰኘት «ጸጥ በል» የሚል ትእዛዝ በፕሮግራሙ ውስጥ ጻፍን እንበል። ድምፅ ለዪው በትክክል ሰምቶ «ፀጥ በል» ብሎ ቢጽፈውስ? ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ጸ» እና «ፀ» ልዩ ልዩ ቍጥር የተሰጣቸው ሁለት ፊደላት ስለ ሆኑ ትእዛዙ አልተሰጠም። «ኃይል»፣ «ሀይል»፣ «ሐይል» ተብሎ ሲጻፍም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከማነጻጸር በፊት በሁለቱም ወገን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው መመለስ ነው። ይህ ለመኪናው ብቻ የሚደረግ ነው እንጂ ለሰው በሚጻፈው ላይ ሥርዐተ ጽሕፈትን ስለ ማፍረስ የተሰጠ ምክር አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው የግሡ ነገር ነው። እንግሊዛዊ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ጽፎ ያርፋል። እኛ ግን አብራ፣ አብሪ፣ አብሩ፣ አብራው፣ አብሪው፣ አብራልኝ፣ አብሪልኝ፣ ይብራልኝ እንላለን። ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ የሴት ከሆነ ሰው ሳያስበው «አንቺ» ይለዋል፤ ጨዋነት የለመዱ እናት ደግሞ ዕቃውንም አክብረው «አብሩልኝ» ይሉታል። ይህን ሁሉ መዘርዘር የሰለቸው ፕሮግራም ጻፊ አቋራጭ ፈልጎ፣ በጽሑፉ ውስጥ «ብራ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ከተገኙ መብራቱ ይብራ ብሎ ይደነግጋል። አሁን «መብራቱን አጥፋ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «መብራቱ» በሚለው ውስጥ «ብራ» አለ! ስለዚህ አጥፋ በተባለ ቍጥር ይበራል። «ጥፋ»ን የፈለገ እንደ ሆነም «አታጥፋ» ሲባል ያጠፋል። ስለዚህ ቃሉን በሙሉ መውሰድ፣ አሉታውን መጀመሪያ መለየት፣ የግሡንም ዝርዝር ተቀምጦ መጻፍ ግድ ነው። ሥራው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም።

የትእዛዙም ምርጫ ራሱ ይታሰብበት። «አብራ» እና «አጥፋ» ሁለቱም በአንድ አናባቢ ጀምረው በአንድ አናባቢ ያልቃሉ፤ የሚለያዩት በመካከሉ ብቻ ነው። የ«ፍ» ድምፅ ደካማ ስለ ሆነ በዝናብ ውስጥ ይጠፋል። «ሳሎኑን አጨልም» ብሎ ማዘዝ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ለመኪናው እጅግ የተለየ ነው። ጠብቆና ላልቶ በመነበብ ብቻ የሚለይ ቃልም ለትእዛዝ አይመረጥ፤ «ይሰማል» የሚለው ቃል ላልቶና ጠብቆ ሁለት ትርጕም ሲኖረው ፊደላችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋልና።

ድምፁን ወደ ሩቅ አገር ኮምፒውተር ልኮ የሚያስጽፍ መሣሪያ መስመር ሲጠፋ ደንቆሮ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ አንባቢ አይዘነጋውም። ለጥቂት ትእዛዞች ብቻ የሚሆን ትንሽ ድምፅ ለዪ በቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ ስለሚችል ለሕመምተኛ ቤት የሚመረጠው ይህ ነው።

አራተኛው በር ሪሌዩ ነው። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ከተሰማና መብራቱ ካልበራ ሽቦው ይታይ፤ አጥፋ ሲሉት የሚበራ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ርካሽ ሪሌዮች ቮልቱ ሲወርድ የሚዘጉ መሆናቸው ይታወስ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። በተማሪዎች እጅ የሚገኘው ትንሹ ሪሌይ ግን የሚችለው 10 አምፔር ነው። ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት በውስጡ ያሉት ሁለቱ ብረቶች ግለው ይጣበቃሉ። ያን ጊዜ ማይክሮፎኑ ሰምቷል፣ ጽሑፉ ትክክል ነው፣ ፕሮግራሙም አጥፋ ብሎ አዟል፤ ምጣዱ ግን ይነዳል። ስለዚህ ምጣድና ትልቅ ማሞቂያ በትንሽ ሪሌይ አይታዘዙ፤ ለጭነታቸው የሚበቃ ኮንታክተር በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ይገጠምላቸው፤ የግድግዳውም ማጥፊያ ከቦታው አይነሣ። መብራት ሄዶ ሲመለስም ማሞቂያው ጠፍቶ እንዲጀምር ተደርጎ ይሰናዳ፤ ሥራው ለሰው ከመተላለፉ በፊትም ዋናውን ማቋረጫ አውርዶና መልሶ፣ በማሞቂያው ቦታ አንድ አምፖል አስሮ፣ ጠፍቶ መቅረቱን በዐይን ማየት ያስፈልጋል።