ሬዚስተር አመራረጥ፦ ከስሌት እስከ ፍተሻ

ሬዚስተር በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት የሚገድብ ባለ ሁለት እግር ዕቃ ነው። ሬዲዮ ወይም ቻርጀር ሲከፈት በቦርዱ ላይ የሚታዩት፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ባለ ቀለም ቀለበት ትንንሽ በትሮች ሬዚስተሮች ናቸው። የመገደብ አቅማቸው የሚለካው በኦም ነው። ስያሜው የተወሰደው ከጀርመናዊው የፊዚክስ መምህር ከጌዎርግ ሲሞን ኦም ሲሆን፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በየዕለቱ የሚሠራበትን ሕግ አስፍሯል፦ ቮልቱ ለኦሙ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። 1,000 ኦም አንድ ኪሎ ኦም፣ 1,000 ኪሎ ኦም ደግሞ አንድ ሜጋ ኦም ይባላል።

ሕጉን በቃል ከመያዝ ይልቅ አንድ ትንሽ ሥራ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ይሻላል፤ ለምሳሌ አንዲት ቀይ ኤል ኢ ዲ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) በ12 ቮልት ባትሪ ማብራት። ኤል ኢ ዲ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ብትገናኝ ትቃጠላለች። ክር እንዳለው የድሮ አምፖል ራሷን የምትገድብበት መንገድ የላትም፤ ቀይዋ 2 ቮልት አካባቢ ላይ መብራት ትጀምራለች፣ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ጥቂት ቮልት ግን ከረንቱን እጅግ ያንረዋል። የተረፈውን ቮልት የሚሸከምላት ሌላ ዕቃ የግድ ያስፈልጋታል።

የመጀመሪያው እርምጃ ስሌቱ ነው። ከባትሪው 12 ቮልት ላይ የኤል ኢ ዲዋ 2 ሲቀነስ 10 ቮልት ይቀራል፤ ይህ በሬዚስተሩ ላይ ያርፋል። የተለመደችው ባለ 5 ሚሊ ሜትር ኤል ኢ ዲ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 20 ሚሊ አምፔር ስለምትችል 15 ቢመረጥ፣ 10 ለ0.015 ተካፍሎ 667 ኦም ገደማ ይመጣል። እዚህ ላይ ሚሊ አምፔሩ ወደ አምፔር መለወጡን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል፤ በ0.015 ፈንታ በ15 ከተካፈለ መልሱ አንድ ኦም እንኳ አይሞላም።

667 ኦም የሚባል ሬዚስተር ግን ከሱቅ አይገኝም። ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠሩት 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 27፣ 33፣ 39፣ 47፣ 56፣ 68 እና 82 የሚሉትን ቁጥሮች በ10፣ በ100፣ በ1,000 እያበዙ ነው። ተርታው እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ቁጥር ከቀዳሚው በ20 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ፣ ሬዚስተሮቹ 10 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢዛቡ በመካከል የሚቀር ሰፊ ክፍተት የለም። ለ667 ቅርቡ 680 ነው። ለኤል ኢ ዲ ሁልጊዜ ከስሌቱ ከፍ ያለው ቁጥር ይወሰዳል፤ ጥቂት መደብዘዝ ከመቃጠል ይሻላል።

ብዙ ጀማሪዎች ኦሙን አግኝተው እዚህ ያቆማሉ። ሬዚስተር ግን የገደበውን ጉልበት ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው የሚችለው ሙቀት በዋት ተወስኗል፤ በብዛት የሚሸጡት የሩብ ዋትና የግማሽ ዋት ናቸው፣ ወፍራሞቹ ደግሞ 1፣ 2፣ 5 ዋትና ከዚያ በላይ ይችላሉ። ዋቱ የሚገኘው በሬዚስተሩ ላይ ያረፈው ቮልት በከረንቱ ሲባዛ ነው። በ680 ኦም ላይ 10 ቮልት ሲያርፍ 14.7 ሚሊ አምፔር ያልፋል፣ ሙቀቱም 0.147 ዋት ነው። የሩብ ዋቱ የበቃ ይመስላል። ነገር ግን 12 ቮልት የሚባለው የመኪና ባትሪ ሞተሩ ሲሠራ፣ በሶላር የሚሞላውም ፀሐይ ሲበረታ፣ 14.4 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሬዚስተሩ ላይ 12.4 ቮልት ያርፋል፤ ከረንቱ 18 ሚሊ አምፔር፣ ሙቀቱ 0.226 ዋት ይሆናል። ይህ ለሩብ ዋት ከጫፍ ላይ መቆም ነው። ለምልክት መብራት 10 ሚሊ አምፔር ከበቂ በላይ ስለሆነ 1 ኪሎ ኦም መምረጥ የተሻለ ነው፦ ባትሪው 14.4 ቢደርስ እንኳ ሙቀቱ ከ0.154 ዋት አያልፍም።

ሦስት ነጭ ኤል ኢ ዲዎችን በአንድ መስመር አከታትለው ለሚያያይዙ ሰዎች ይኸው የባትሪ ነገር ይበልጥ አሳሳቢ ነው። እያንዳንዷ 3.1 ቮልት ብትወስድ ከ12 ቮልት የሚተርፈው 2.7 ብቻ ነው፤ በ180 ኦም 15 ሚሊ አምፔር ያልፋል። ባትሪው 14.4 ሲሆን ግን ትርፉ 5.1 ቮልት ይሆናል፣ ከረንቱም ወደ 28 ያሻቅባል። በሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልት ባነሰ መጠን መብራቱ ለባትሪው መዋዠቅ ይጋለጣል። ስሌቱ ከመጀመሪያውም በ14.4 ቮልት መሠራት አለበት።

ቀጥሎ ሬዚስተሩን ለይቶ ማንሣት ይመጣል። ቁጥሩ በቀለበት የሚነገረው በዙሪያው ስለሚታይ ነው፤ በየትም በኩል ቢዞር ይነበባል። ጥቁር 0፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ሐምራዊ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9 ነው። ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለው የቀስተ ደመና ቅደም ተከተል ነው፤ ከፊቱ ሁለቱ ጠቆር ያሉ፣ ከኋላው ሁለቱ ፈዛዛዎቹ ይቆማሉ። ባለ አራት ቀለበት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጥር፣ ሦስተኛው የዜሮ ብዛት፣ አራተኛው የመዛባት ልክ ነው፤ ወርቃማ 5 በመቶ፣ ብርማ 10 በመቶ። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ወርቃማ ማለት 1፣ 0 እና ሁለት ዜሮ፣ ማለትም 1 ኪሎ ኦም ሲሆን ከ950 እስከ 1,050 ኦም ሊሆን ይችላል።

ባለ አምስት ቀለበቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስቱ ቁጥር፣ አራተኛው የዜሮ ብዛት ነው፤ ለ1 ኪሎ ኦም ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይም 1 በመቶን የሚያመለክት ቡናማ ይኖራል። ይኸው ሬዚስተር ተገልብጦ ሲነበብ 110 ኦም ይሆናል። 110 ኦም ለቀይዋ ኤል ኢ ዲ ቢታሰር 90 ሚሊ አምፔር ገደማ ያሳልፍባታል። የመዛባት ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ርቀቱ ካልታየ ግን መልቲሜትር (የኦምና የቮልት መለኪያ) ይፈርዳል። በቦርድ ላይ የሚለጠፉት ጠፍጣፎቹ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፦ 103 ማለት 10 እና ሦስት ዜሮ፣ 10 ኪሎ ኦም ነው።

የሚፈለገው ኦም ከጠፋ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ተከታትለው ሲታሰሩ ይደመራሉ፤ ሁለት 470 አንድ 940 ይሆናሉ። ጎን ለጎን ሲታሰሩ ሁለት እኩል ሬዚስተሮች የአንዱን ግማሽ ይሰጣሉ፤ ሁለት 2.2 ኪሎ ኦም 1.1 ይሆናሉ። በሁለቱም መንገድ ሙቀቱን ይካፈሉታል።

የኦም ልኬት የሚደረገው ኃይሉ ተቋርጦ ነው። በቦርድ ላይ ያለ ከሆነ አንዱ እግር ይነሣል፤ አለበለዚያ መልቲሜትሩ ጎን ለጎን ያሉትን ዕቃዎች ጨምሮ ያነባል። ሁለቱን እግሮች በጣት ይዞ መለካትም ትልልቅ ኦሞችን አሳንሶ ያሳያል፣ ከረንቱ በሰውነት በኩል ሌላ መንገድ ያገኛልና።

በመጨረሻ ሬዚስተሩ ከኤል ኢ ዲዋ በፊትም ሆነ በኋላ ሊገባ ይችላል፤ እሱ አቅጣጫ የለውም፣ የኤል ኢ ዲዋ ረጅም እግር ግን ወደ ፖዘቲቭ ይሆናል። ከበራች በኋላ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያለው ቮልት ይለካል፦ በ1 ኪሎ ኦም ላይ 10 ቮልት ከተነበበ 10 ሚሊ አምፔር እያለፈ ነው። በዚህ ዘዴ ሽቦ ሳይቆረጥ ከረንት ይታወቃል።

ጠቁሮ የተገኘ ሬዚስተር ሲቀየር ደግሞ ያቃጠለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ዕቃ ሾርት አድርጎ ነው። አዲሱ በኦምም በዋትም ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን። በቻርጀር መግቢያ ላይ እንደ ፊውዝ እንዲበጠስ ተብሎ የተቀመጠው ሬዚስተር በተራ ሬዚስተር አይተካም፤ ተራው ሳይበጠስ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።