«ባት» እና «ላት» በመራር ቀልድ ውስጥ

ሳቁ፤ ሳቁባት፤ ሳቁላት። እነዚህ ሦስት ግሦች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ሳቂዎቹ ብቻ ይነግረናል። በሁለተኛው ላይ «ባት» የሚለው ባዕድ መድረሻ ሲጨመር ሳቁ የሚያርፍባት አንዲት ሴት ትመጣለች፤ ድርጊቱም ለጉዳቷ እንደ ሆነ እንረዳለን። በሦስተኛው ላይ «ላት» ሲተካ ግን ያው ሳቅ እርሷን የሚያስደስት ይሆናል። ጎዷት ወይም ጠቀሟት ብለን አልጻፍንም፤ ፍርዱን የሰጠችው አንዲት ፊደል ናት።

ይህች ፊደል በረጅም ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳላት ለማየት አንድ የአሜሪካ ፊልም እንመርምር። ቶድ ሶሎንድዝ ደርሶ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሲሆን ርእሱ «ዌልካም ቱ ዘ ዶልሃውስ» ነው፤ «እንኳን ወደ አሻንጉሊት ቤት በደኅና መጣችሁ» እንደ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ጸያፍ ንግግር ስላለበትና ለዕድሜያችሁ ስለማይስማማ እኛ የምንወስደው ታሪኩን ብቻ ነው።

ዶን ዊነር በኒው ጀርሲ የምትኖር የ7ኛ ክፍል ልጃገረድ ናት። ትልቅ መነጽር ታደርጋለች፤ አለባበሷ የእኩዮቿን አይመስልም፤ የምትናገረውም ሁሉ ያለ ጊዜው ነው። ታላቅ ወንድሟ ማርክ ኮሌጅ ስለ መግባት ብቻ ያስባል። ታናሽ እህቷ ሚሲ የባሌ ዳንስ ልብሷን ለብሳ ስትሽከረከር የእናታቸው ዐይን ከእርሷ አይነቀልም። አሁን የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ፦

«ዶን ምሳዋን ይዛ በመመገቢያው አዳራሽ መካከል ቆመች። የምትቀመጥበት አጣች። ተማሪዎቹ የቤተ ሰቧን ስም ከአንድ አጭር እግር የውሻ ዘር ጋር አያይዘው ቅጽል ስም አወጡባት። መምህርቷ በቅጣት መልክ ስለ ክብር ድርሰት አስጻፈቻት፤ በክፍሉ ፊትም አስነበበቻት፤ ልጆቹ ሳቁባት። በጓሮ የነበራትን የክበብ ጎጆ ወላጆቿ ለጋብቻ በዓላቸው ድግስ ሲሉ ይፍረስ አሉ። አላፈርስም አለች። እናቷ የኬክ ድርሻዋን አንሥታ ለወንድሟና ለእህቷ አካፈለችባት።»

«አወጡባት» የሚለውን አስተውሉ። ሕፃን ሲወለድ ስም አወጡለት ወይም አወጡላት እንላለን። «ለ» ወደ «በ» ስትለወጥ ስሙ ራሱ ዱላ ሆነ።

ከዚህ አንቀጽ ውስጥ «ምስኪን»፣ «አሳዛኝ»፣ «ጨካኝ» የሚሉ ቅጽሎችን ብትፈልጉ አታገኙም። ከዚህም አልፎ፣ ስለ ድርሰቱ የተነገረው ሳያስቃችሁ አልቀረም፤ ስለ ክብር እንድትጽፍ የታዘዘችው ክብሯን በሚገፍፍ ቅጣት ነውና። የተባለውና የተደረገው ሲቃረኑ ምጸት ይባላል። ምጸቱ ሳቅንና ሐዘንን በአንድ ጊዜ ሲያመጣ ደግሞ መራር ቀልድ እንለዋለን። የፊልሙ ርእስም ምጸት ነው፤ በአሻንጉሊት ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ያማረና በየቦታው የተቀመጠ ነው፤ ዶን ግን ቦታ የላትም።

ብዙ ተማሪዎች ስለ ተጎዳ ሰው ሲጽፉ እንዲህ ይላሉ፦ «ምስኪኗ ዶን እጅግ ልብ በሚነካ ሁኔታ ጨካኝ እናቷ ጣፋጩን ኬክ ነፈገቻት።» በእርማት ጊዜ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ሞልቶ ይገኛል። ጸሐፊው አስቀድሞ ስላለቀሰ አንባቢው የሚያለቅስበት ምክንያት አይቀርለትም። «አካፈለችባት» ብሎ ዝም ያለው ይበልጣል።

ፊልሙን ከተራ የልቅሶ ታሪክ የሚለየው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ዶን በትምህርት ቤት የሰማችውን ስድብ እቤቷ ገብታ በእህቷ ላይ ትደግመዋለች። የሚሲን አሻንጉሊት አንገት በመጋዝ ቆረጠችባት። አንድ ቀን እናቷ ሚሲን ከዳንስ ትምህርቷ ልታመጣት እንደማትችልና ሌላ ሰው እንዲያደርሳት ለሚሲ እንድትነግራት አዘዘቻት፤ ዶን መልእክቱን አስቀረችባት። ሚሲ ተጠለፈች። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የ«ባት» ባለጉዳይ ሚሲ ሆናለች፤ የግሡ ባለቤት ደግሞ ያቺው ያዘንንላት ልጅ። ዶን እህቷን ፍለጋ ብቻዋን ኒው ዮርክ ትሄዳለች፤ ሚሲ ግን ያለ እርሷ ድካም ትገኛለች። ዶን ተመልሳ በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ምስጋና ስታቀርብ ከታች የሚሰማው ያው ቅጽል ስም ነው።

በፊልሙ ውስጥ «ላት» የሚያሰኝ ድርጊት ፈልጉ፤ ጥቂት ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ዶን ከትምህርት ቤቱ መዘምራን ጋር በአውቶቡስ ተቀምጣ ወደ ዲዝኒ ዎርልድ ትጓዛለች። የትምህርት ቤታቸውን መዝሙር ትዘምራለች፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው «ምን ሆንሽ?» ብሎ አይጠይቃትም።

መልመጃ

ሀ. ፈረደ፣ ዘጋ፣ ተናገረ፣ መሰከረ፣ ዘፈነ የሚሉትን ግሦች አንድ ጊዜ በ«ባት»፣ አንድ ጊዜ በ«ላት» እያረባችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው። የትርጉሙን ልዩነት በቃል አስረዱ።

ለ. «ጎጆዋ ፈረሰ» እና «ጎጆዋ ፈረሰባት» ከሚሉት ሁለተኛው የጨመረው ምንድን ነው? አፍራሹ ሳይጠቀስ ጉዳቱ እንዴት ታወቀ?

ሐ. በትምህርት ቤታችሁ ልብ የማይባል አንድ ተማሪ በአንድ ቀን የሚደርስበትን ሁሉ በ10 ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ስሙን አትግለጹ፤ የሐዘን ቅጽልም አትጠቀሙ። ከ10ሩ ዓረፍተ ነገሮች የአንዱ ባለቤት «እኔ» ይሁን፤ ግሡም በ«በት» ወይም በ«ባት» ይጨረስ።