43 ሺህ ሰው አስገብተው በ94 ታማሚ «ይሠራል» አሉ፤ ተቻኩለው ነው?



ስለ ክትባት በጻፍኩ ቁጥር የማይቀርልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የፋይዘር የኮቪድ ክትባት ከ43 ሺህ በላይ ሰው ላይ ተሞከረ ይባላል። ግን ይሠራል ተብሎ የታወጀው ገና 94 ሰው ታሞ እያለ ነው። ጥናቱ ሳያልቅ እንዴት አወቁ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጠርጠር ያለበትን ቦታ ነው የጠረጠረው። ስለዚህ «ሳይንስ ነው፣ እመኑ» ብዬ አላልፈውም፤ ዛሬ ትንሽ ሒሳብ እንሠራለን። አትፍሩ፣ ካልኩሌተሩ እኔ ጋ ነው።

መጀመሪያ «ፓወር» የሚባለውን ነገር እንያዝ። ፓወር ማለት መድኃኒቱ እውነትም የሚሠራ ከሆነ ጥናቱ ያንን የማግኘት ዕድሉ ነው። 80 በመቶ ፓወር ያለው ጥናት የሚሠራ መድኃኒትን ከ5 ጊዜ 4ቱን ያገኘዋል፣ አንዱን ጊዜ ደግሞ አጠገቡ እያለ ያልፈዋል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በተለመደው ሕክምና ከ100 ታካሚ 20ው በዓመት ውስጥ ተመልሶ ሆስፒታል ይተኛል እንበል። አዲሱ መድኃኒት ይህን ወደ 15 ያወርዳል ብለን አስበናል። ይህን ልዩነት በ80 በመቶ ፓወር ለማየት በእያንዳንዱ ቡድን ወደ 900 ሰው ያስፈልገናል። በየቡድኑ 450 ሰው ብቻ ካስገባን ፓወሩ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል፤ ሳንቲም ወርውሮ እንደ መወሰን ነው። 100 ሰው ብቻ ከሆነማ 15 በመቶ ገደማ። መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ እያለ ጥናቱ አብዛኛውን ጊዜ «ልዩነት አልታየም» ይላችኋል ማለት ነው። የምንፈልገው ልዩነት በግማሽ ሲያንስ (ከ20 ወደ 17.5 ቢሆን) የሚያስፈልገው ሰው በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፤ ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ በየቡድኑ ወደ 3,800 ይደርሳል። «ተጠንቶ አልሠራም» የሚል ፖስት ስታዩ «በስንት ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ የምላችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 94ቱ እንምጣ። በክትባት ጥናት ፓወር የሚመጣው ከተመዝጋቢው ብዛት ሳይሆን ከታመመው ሰው ብዛት ነው። ያልታመመ ሰው ክትባቱ አድኖት ይሁን ቫይረሱ ሳያገኘው ቀርቶ ይሁን አይታወቅም። የፋይዘር ጥናት ዕቅድ የወጣውም በዚህ መንገድ ነው፦ ክትባቱ እውነተኛ ውጤታማነቱ 60 በመቶ ከሆነ፣ 164 ታማሚ ሲገኝ ውጤታማነቱ ከ30 በመቶ በላይ መሆኑን በ90 በመቶ ፓወር ማሳየት ይቻላል። 43 ሺህ ሰው የተመዘገበው 164ቱ ታማሚ ቶሎ እንዲገኝ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በኮቪድ የሚታመመው ከመቶ በጣም ጥቂቱ ስለሆነ ብዙ ሕዝብ መከታተል ነበረባቸው።

ታዲያ 164 እስኪሞላ ለምን አልጠበቁም? መጠበቅም ዋጋ ስላለው። ክትባቱ የሚሠራ ከሆነ በፕላሲቦው ቡድን ያለው ሰው (ባዶ መርፌ የተወጋው) በየቀኑ እየታመመ ነው። የማይሠራ ወይም የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ የተከተበው ሰው ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ጥናቱ ሳያልቅ መሀል ላይ ውጤቱ ይታያል፤ ይህ «ኢንተሪም አናሊሲስ» ይባላል፣ የመሀል ትንተና እንበለው።

ችግሩ፣ መሀል ላይ ማየት ነፃ አይደለም። ኳስ የምታዩ ሰዎች ቶሎ ይገባችኋል። ዳኛው የአንዱ ቡድን ደጋፊ ነው፤ የእሱ ቡድን በመራበት በፈለገው ደቂቃ ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታውን መጨረስ ተፈቅዶለታል እንበል። እንዲህ ከሆነ ደካማ ቡድንም ዋንጫ ይበላል። በጥናትም ያው ነው። ምንም የማይሠራ መድኃኒትን መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ብናየው በአጋጣሚ «ይሠራል» የማለት ዕድላችን 5 በመቶ ነው። በዚያው መስፈርት 2 ጊዜ ብናየው 8 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 5 ጊዜ 14፣ 10 ጊዜ ደግሞ 19 በመቶ ገደማ። መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ማየት ነው። (ሜዲካል ስኩል ይህ ክፍል የነበረው ከምሳ በኋላ ነው። ግማሹ ክፍል ተኝቶ ነበር።)

መፍትሔው ስንት ጊዜና መቼ እንደሚታይ አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያም መስፈርቱን ማጥበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፖኮክ ያቀረበው ዘዴ በሁሉም ዙር እኩል ጠባብ መስፈርት ያደርጋል፤ 5 ጊዜ ከታየ 5 በመቶ የነበረው በየዙሩ ወደ 1.6 በመቶ ይወርዳል። በ1979 ኦብራያንና ፍሌሚንግ ያመጡት ደግሞ መጀመሪያ ላይ እጅግ ጥብቅ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ለማቆም በአጋጣሚ የመከሰት ዕድሉ ከሚሊዮን 5 ገደማ የሆነ ውጤት ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ ግን ወደ 4 በመቶ ይላላል። መስፈርት ሲጠብቅ ፓወር ይቀንሳል፤ ያንን ለመመለስ ሰው መጨመር ግድ ነው። የቅድሙ 900 ሰው በፖኮክ ወደ 1,110 ያድጋል፣ በኦብራያንና ፍሌሚንግ ግን ወደ 930 ብቻ። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ገና በጠዋቱ በጥቂት ሰው ለመደሰት አያስቸኩልም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ፋይዘር የተጠቀመው ቀመር ከነዚህ ይለያል፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ዕቅዱ ላይ በ32፣ በ62፣ በ92 እና በ120 ታማሚ እንደሚታይ ተጽፎ ነበር። ከአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጋር ተነጋግረው የ32ቱን ዙር ሰረዙት፤ ቀጣዩ ዙር ደርሶ ሲቆጠር ታማሚው 94 ሆኖ ተገኘ። መሀል ላይ «ሠራ» ለማለት ከ99.5 በመቶ በላይ፣ መጨረሻ ላይ ከ98.6 በመቶ በላይ እርግጠኝነት ነበር የሚጠየቀው። ውጤቱን ያየው ደግሞ ገለልተኛ ኮሚቴ ነው፤ ታማሚዎቹን የሚገመግሙት ሐኪሞች ማን ምን እንደተወጋ አያውቁም ነበር። ህዳር 9፣ 2020 (በፈረንጆቹ) ከ90 በመቶ በላይ ውጤታማ ነው ተባለ። ያቀዱት ለ60 በመቶ ነበር፤ ክትባቱ ከዚያ እጅግ ስለበለጠ 94 ታማሚም ከበቂ በላይ ሆነ። በመጨረሻው ትንተና 170 ታማሚ ነበር፦ 8 ከተከተቡት፣ 162 ከፕላሲቦው። ክትባቱ ምንም ባይሠራ ኖሮ እኩል በሚባሉ ሁለት ቡድኖች 85 ለ85 አካባቢ ነበር የምንጠብቀው።

የመሀል ትንተና ሁሌ የምሥራች አያመጣም። በደቡብ አፍሪካ በ2016 የተጀመረው ኤችቪቲኤን 702 የተባለው የኤችአይቪ ክትባት ጥናት 5,407 ሰው ይዞ ነበር። በ2020 መጀመሪያ ኮሚቴው መሀል ላይ ሲያይ ከተከተቡት 129፣ ከፕላሲቦው 123 ሰው በኤችአይቪ ተይዟል። ቢቀጥል እንኳ ሠራ የሚባልበት ተስፋ ስላልነበረ መርፌው ቆመ። ያሳዝናል፤ ግን ሰዎችን በማይጠቅማቸው መርፌ ለተጨማሪ ዓመታት ከማመላለስ ይሻላል።

እና ተቻኩለዋል? በሽታውን ይከላከላል ወይ ለሚለው፣ በኔ አስተያየት አልተቻኮሉም። ጥናቱ ሊመልሳቸው የማይችላቸው ሁለት ጥያቄዎች ግን ነበሩ። አንደኛው መከላከያው ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው፤ ክትባቱ ከተፈቀደ በኋላ የፕላሲቦው ሰዎችም መከተብ ጀመሩ፣ ስለዚህ የሚነጻጸር ቡድን እየጠፋ ሄደ። ሁለተኛው እምብዛም የማይከሰት ጉዳት ነው። ቀላል ሒሳብ አለው፦ አንድ ጉዳት በጥናቱ ጨርሶ ካልታየ፣ የተከተቡትን ቁጥር ለ3 አካፍሉ። 21,720 ገደማ ሰው ተከትቧል፤ ለ3 ሲካፈል 7,240። ከ7 ሺህ ሰው ባነሰ አንድ ሰው የሚያጋጥም ጉዳት ቢኖር ኖሮ መታየቱ አይቀርም ነበር ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የራቀ ጉዳት ግን ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ በጥቂቱ የታየው የልብ ጡንቻ መቆጣት የታወቀው ክትባቱ ለሚሊዮኖች ከተሰጠ በኋላ ነው። አብዛኞቹ አገግመዋል። እንዲህ ዓይነት ክትባት በወሰደ በቀናት ውስጥ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ ምት መፍጠን ያጋጠመው ሰው ካለ ግን ቤት አይጠብቅ፣ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።