ኩላሊቱ የታመመ ሰው ለምን ይደክማል?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ይህ የጤና ርዕስ ቢመስልም ግማሹ የዒባዳ ጉዳይ ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለበትን ሰው «ምን ይሰማሃል?» ብትሉት ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ስለ ወገቡ ወይም ስለ ሽንቱ ሳይሆን ስለ ድካሙ ነው። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ከሱጁድ ቀና ሲል ዓይኑ ይጨልማል። ከሱብሒ ጀመዓ የማይቀር የነበረው ሰው ቤቱ መስገድ ይጀምራል፤ ተራዊሕ ላይ ከሁለት ረከዓ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። በዙሪያው ያለው ሰው ደግሞ ለፍርድ ይቸኩላል፦ «ሰነፈ»፣ «ተስፋ ቆረጠ»፣ ሲብስም «ኢማኑ ቀዘቀዘ»። የሚያሳዝነው ታማሚው ራሱ ይህን እየሰማ ማመን መጀመሩ ነው።

የዚህ ድካም ምንጭ አንድ ብቻ አይደለም። በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ የልብ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ መካከል ግን በአንድ የደም ምርመራ የሚታወቅና ሕክምና ያለው አንድ ምክንያት አለ፤ እሱም የደም ማነስ ነው። ይህን ማወቅ ለታማሚውም፣ ወላጁ ለታመመበት ተማሪም ብዙ ነገር ይለውጣል።

ኩላሊትና ደም ምን አገናኛቸው?

ኩላሊት ደም እንደሚያጣራ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ብዙም የማይነገርለት ሌላው ሥራው ደም እንዲመረት ትዕዛዝ መስጠት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ የአጥንት መቅኔ የሞቱትን ለመተካት ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በጤነኛ ሰው በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሕዋሳት ይመረታሉ። ሱብሓነላህ! ምን ያህል መመረት እንዳለበት ግን መቅኔው ለብቻው አይወስንም። ኩላሊት ውስጥ ያሉ ልዩ ሕዋሳት የሚደርሳቸው ኦክስጅን ሲቀንስ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ መቅኔው ጋ ሲደርስ ምርቱ ይጨምራል፤ ኦክስጅኑ ሲስተካከል ሆርሞኑ ይቀንሳል።

የኮንትሮል ትምህርት የወሰደ ተማሪ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ፊድባክ ነው። ሴንሰሩም ኮንትሮለሩም ኩላሊት ውስጥ ናቸው፤ ፋብሪካው መቅኔው ነው። «ሴንሰሩ ለምን ልብ ወይም ሳንባ ላይ አልሆነም?» ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም ሲጨምር የማጣራት ሥራውም ስለሚጨምር ኩላሊቱ የሚጠቀመው ኦክስጅን አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ የደም ፍሰቱ ከፍ ዝቅ ማለት ንባቡን ብዙም አያዛባውም፤ ንባቡን በዋናነት የሚለውጠው ደሙ የተሸከመው ኦክስጅን ነው። ሴንሰር የት እንደሚተከል ማወቅ ለእኛ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው፤ እዚህ ግን ከእናት ማሕፀን ጀምሮ ተተክሎ ይጠብቀናል። ሕዋሳት የኦክስጅንን መቀነስ እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ራትክሊፍ የኩላሊት ሐኪም ነው፤ ወደዚህ ምርምር የገባውም በዚሁ ሆርሞን በኩል ነው።

ኩላሊት ታሞ ጠባሳ ሲይዝ ሴንሰሩ አብሮ ይጎዳል። ደሙ እየቀነሰም በቂ ትዕዛዝ አይወጣም። በአዋቂ ሰው ከሆርሞኑ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከኩላሊት ስለሆነ ጉበት የሚያመነጨው ትንሽ ድርሻ ክፍተቱን አይሞላም። በዚህ ላይ የአይረን ጉዳይ ይጨመራል። በኩላሊት ሕመም ሄፕሲዲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይከማችና ከአንጀት የሚገባውን አይረን ይገድባል፤ ሰውነት ያስቀመጠውንም ይቆልፋል። መጋዘኑ ሞልቶ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጣ እንደ ማለት ነው። የሕዋሳቱ ዕድሜም ከ120 ቀን ያጥራል፤ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ በማሽኑ ቱቦና በየጊዜው በሚሰጡት ናሙና ደም ያጣሉ።

ለዚህ ነው «ደም እንዲሞላልህ ቀይ ሥር ጭመቅና ጠጣ» የሚለው የጎረቤት ምክር የማይሠራው። አለመሥራቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቀይ ሥር ብዙ ፖታሲየም አለው፤ የደከመ ኩላሊት ፖታሲየምን ማስወጣት ስለሚያቅተው ሲጠራቀም የልብን ምት ሊያዛባና ሊያቆም ይችላል። ሙዝ፣ ብርቱካንና ተምርም እንዲሁ ናቸው። አጎቴ እጥበት ላይ በነበረበት ጊዜ ጠያቂው ሁሉ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይመጣ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ፍራፍሬ በሙሉ እሱ የማይበላው ነበር። ለዚያራ ስትሄዱ ባዶ እጅ መሄድ ካሳፈራችሁ ቀድማችሁ ቤተሰቡን ጠይቁ። በእጥበት ቀን አብሮ ሄዶ መመለስ ከፍራፍሬ ይበልጣል።

ቁጥሩ ሲወርድ ኑሮ ምን ይሆናል?

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንደሚለው ሄሞግሎቢኑ ለወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር ሲያንስ የደም ማነስ አለ ይባላል። ሄሞግሎቢኑ 14 የነበረ ሰው ወደ 7 ቢወርድ እያንዳንዱ ሊትር ደሙ ሊሸከም የሚችለው ኦክስጅን በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። ልብ ይህን ለማካካስ በኃይል ይሠራል፤ በጊዜ ብዛትም የልብ ግድግዳ ይወፍራል። እንዲህ ያለው ሰው ከመኝታው ተነስቶ ዉዱእ አድርጎ መስጂድ እስኪደርስ የሚያወጣው ጉልበት እኛ ተራራ ስንወጣ ከምናወጣው ጋር ቢነጻጸር ማጋነን አይሆንም።

ተመራማሪዎች የታማሚን ኑሮ የሚለኩት ደሙን በማየት ብቻ አይደለም። ደረጃ መውጣት ትችላለህ? ሰው ለመጠየቅ ትወጣለህ? ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ ብለህ ታስባለህ? እያሉ በመጠይቅ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የካናዳ ጥናት 118 እጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን መድኃኒት የሌለበት መርፌ ወሰደ፤ ሁለተኛው በኤሪትሮፖይቲን ሄሞግሎቢኑ ከ9.5 እስከ 11፣ ሦስተኛው ከ11.5 እስከ 13 እንዲደርስ ተደረገ። መድኃኒቱን የወሰዱት ድካማቸው ቀለለ፤ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትና ስሜታቸው ተሻሻለ፤ በእንቅስቃሴ ፈተና የሄዱት ርቀትም ጨመረ። ከፍ ያለ ግብ የተቀመጠለት ቡድን ግን ከመካከለኛው ጎልቶ የሚታይ ተጨማሪ ጥቅም አላገኘም። የደም ግፊት መጨመርና ለእጥበት የሚያገለግለው የደም ሥር መርጋት ደግሞ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዛ።

መድኃኒቱ የተገኘበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ዩጂን ጎልድዋሰር የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሆርሞኑን ለይቶ ለማውጣት ሃያ ዓመት ገደማ ደከመ። በመጨረሻ ታካጂ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ባልደረባው መቅኔያቸው ደም ማምረት ካቆመ ታማሚዎች የተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት አድርቆ አመጣለት። (ደም ሲያንስ ኩላሊታቸው ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ሆርሞኑን አብዝተው ያመነጫሉ፤ ትርፉ በሽንት ይወጣል።) ከዚያ ሁሉ ሽንት እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ንጹሕ ሆርሞን 8 ሚሊ ግራም ነበር። በ1983 ፉ-ኩዌን ሊን ጂኑን ለየ፤ በ1987 ጆሴፍ ኤሽባክና ባልደረቦቹ በታማሚዎች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ፤ በ1989 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት የነበረው ዋና አማራጭ ደም መቀበል ነበር። «ከአሳማ ነው የሚሠራው?» ብለው ለሚጠይቁ ወንድሞች፦ አይደለም፤ ሆርሞኑ በብዛት የሚመረተው ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ በተወሰዱና በላቦራቶሪ በሚራቡ ሕዋሳት ውስጥ ነው።

«ታዲያ ለምን ሙሉ አያደርጉትም?»

ይህን ጥያቄ ከቤተሰቦች ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ሄሞግሎቢኑ 11 ደርሶ ሐኪሙ መርፌውን ሲቀንስ «መድኃኒት ሊቆጥቡብን ነው» ይባላል። አይደለም። እስከ ጤነኛ ሰው ቁጥር ከፍ ማድረግ ይሻላል የሚለው ግምት በትልልቅ ጥናቶች ተፈትኖ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ 1,432 ሰዎችን ባካተተ ጥናት ግባቸው 13.5 የነበሩት ግባቸው 11.3 ከነበሩት የበለጠ ለሞትና ለከባድ የልብ ችግር ተጋልጠዋል። በ2009 የወጣው ደግሞ 4,038 የስኳርና የኩላሊት ታማሚዎችን ይዞ፣ ከፍ ያለ ግብ በተቀመጠላቸው ላይ ስትሮክ እጥፍ ሊሆን እንደተቃረበ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የወጡ መመሪያዎች በአብዛኛው ሰው ላይ ከ11.5 በላይ ይዞ መቆየትን አይመክሩም። ሲስተሙ ተበላሽቶ ሳለ የድሮውን ግብ በጉልበት ማስገደድ ሌላ ቦታ ይሰብራል።

ደም ስለመስጠትም አንድ ነገር ልበል። ጀመዓችን ደም ለመለገስ የማይሰንፍ መሆኑ ደስ ይላል፤ በድንገተኛ ጊዜ ደም ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ የኩላሊት ታማሚ ደም ደጋግሞ መቀበል የራሱ ዋጋ አለው። ሰውነቱ በባዕድ ሕዋስ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትና በኋላ የሚስማማው ኩላሊት ማግኘት ይከብደዋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ንቅለ ተከላ ከጀመረ ወዲህ ይህ ለእኛም አገር ታማሚ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ «ደም ይሰጠውና ይነሳ» ብሎ ከመጨቅጨቅ በፊት ሐኪሙ አይረኑንና መርፌውን አይቶ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሶላትና ፆም

እዚህ ላይ ፈትዋ መስጠት የኔ ሥራ አይደለም፤ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። የሚታወቀውን ብቻ ላስታውስ። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ እንደሚሰግድ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ባስተላለፉት ሐዲስ ተረጋግጧል፤ አላህ ይውደድላቸው። ሄሞግሎቢኑ 7 ሆኖ ወንበር ላይ የሚሰግድ አባት ሩኽሷውን ተቀበለ እንጂ አልሰነፈም። አንድ የእጥበት ዙር አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎ ዙህርና ዐስር ሊገቡበት ይችላሉ። በሕመም ምክንያት ሁለት ሶላት ማጣመርን በተመለከተ መዝሀቦች ስለሚለያዩ የእጥበት ፕሮግራሙን ይዞ ዓሊም ዘንድ መሄድ ነው፤ በየሳምንቱ የሚደጋገም ነገር በደፈናው አይተውም።

ለታመመ ሰው የተሰጠው የፆም ሩኽሷ በሱረቱል በቀራህ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ውስጥ ነው። እጥበቱ ራሱ ፆም ያበላሻል ወይ በሚለው ዑለሞች ተለያይተዋል። ምግብነት የሌለው መርፌ ግን፣ ከቆዳ ሥርም ይሁን በጡንቻ፣ ፆም እንደማያበላሽ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ወስኗል። ኤሪትሮፖይቲን በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ረመዳን ገባ ብሎ መርፌውን ማቋረጥ አያስፈልግም። ሐኪሙ የፈቀደለት ፆመኛም ሲያፈጥር ተምሩን በሐኪሙ ልክ ያድርገው፤ በውሃ ማፍጠርም ሱና ውስጥ አለ።

ወላጃችሁ በዚህ ሕክምና ላይ ከሆኑ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሄሞግሎቢናቸው ስንት ነው፣ የአይረን ክምችታቸው ታይቷል ወይ፣ የደም ግፊታቸውስ መርፌው ከተጀመረ ወዲህ ጨምሯል ወይ። ለራስ ምታትና ለቁርጥማት ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዙ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አትደብቁ።

መርፌውን ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ የምትወስዱ፣ ወይም ከሳዑዲና ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የምታስመጡ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ መድኃኒቱ ፕሮቲን ስለሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት አለበት። ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ መሆንም ያበላሸዋል፤ በኃይል መናጥም እንዲሁ። በበረዶ መያዣ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ በረዶው ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልሉት። ቤት ሲደርስ ፍሪጁ መካከል እንጂ ማቀዝቀዣው ሥር አታስቀምጡት። መንገድ ላይ ሞቆ ወይም ረግቶ ከተገኘ መልኩ ባይለወጥም ከመወጋታቸው በፊት ፋርማሲስት ይየው።