ያለ ፈቃድ አንግባ፣ በፍርሃትም አንተው፦ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅና የሳይበር ደህንነት ተማሪዎች



ውድ እህቶችና ወንድሞች! በመካከላችን የሳይበር ደህንነትን ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ቡድኖች የምንማር ብዙዎች ነን። ገሚሳችን ሕጉን ሳናውቅ በድፍረት እንሞክራለን፤ ገሚሳችን ደግሞ ፈርተን ትምህርቱን እንተወዋለን። ሁለቱም ይጎዱናል። ስለዚህ ዛሬ አዋጁን እንማራለን።

በምሳሌ እንጀምር። ብዙዎቻችን የምናውቀው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት አንዱ ነው። አጥሩ ተቀዶ ከአስፋልቱ ዳር ያየ ሰው ለጥበቃው ቢናገር መልካም ሠራ። «እውነት ያስገባል ወይ?» ብሎ በቀዳዳው የሾለከ ግን፣ ውሃው ውስጥ ጠጠር ባይጥል እንኳ ይጠየቃል። አዋጁም መስመሩን ያሰመረው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደለት አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ዳታ ወይም ኔትወርክ የገባን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ሥርዓቱ የድርጅት ከሆነ ቅጣቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ልብ እንበል፦ አንቀጹ የሚጠይቀው ያለ ፈቃድ መግባትን እንጂ ጉዳት ማድረስን አይደለም። ቀዳዳ አግኝቶ ላሳወቀ ሰውም የተለየ ጥበቃ አላስቀመጠም። «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ማለት ብቻውን አያድንም።

አንቀጽ 4 የሌላውን ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍን ይከለክላል። በዶርም ዋይፋይ ላይ የጓደኛን ዳታ በዋየርሻርክ መቅዳት እዚህ ውስጥ ይወድቃል። አንቀጽ 7 ደግሞ ለወንጀል ተብለው ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞችን ለወንጀል እንደሚውሉ እያወቁ ማዘጋጀትንና ማሰራጨትን ይቀጣል። «እያወቁ» እና «ለወንጀል ብቻ» የሚሉት ቃላት ከባድ ሚዛን አላቸው። ኤንማፕን የኔትወርክ አስተዳዳሪም ሌባም ይጠቀምበታልና።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሳሳይ ሕግ ስታወጣ አንዳንድ የደህንነት ባለሙያዎች መሣሪያዎቻቸውን ከድረ ገጽ አወረዱ፤ ሌሎች ወደ ውጭ አገር ሰርቨር አዛወሩ። በ2009 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ለመልካምም ለመጥፎም የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በሕጉ እንደማይሸፈኑ አብራራ። እስከዚያ ድረስ የዝምታው ኪሳራ የሁሉም ነበር።

በእኛም አገር ከአዋጁ በፊት፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በፀረ ሽብር ሕጉ ሲከሰሱ ከተጠቀሱባቸው ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው መመሪያ መሰልጠን ነበር። ይህ ፓስወርድ ማጠንከርንና መልእክት ማመስጠርን የሚያስተምር፣ ማንም በነፃ የሚያገኘው መመሪያ ነው። የአምስቱ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ የቀሩት አራቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ከመፈታታቸው በፊት ግን ሁሉም ከአንድ ዓመት በላይ ታስረዋል። ይህን የሰማ ተማሪ ራስን መጠበቅ መማር እንኳ ያስጠይቀኛል ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም።

አገሪቱ ግን እነዚህን ተማሪዎች ትፈልጋለች። በሰኔ 2012 ዓ.ም የያኔው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ መነሻው ግብፅ የሆነ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል። ቀዳዳ ያየ ሁሉ «አጥሩ ጋ ምን ታደርግ ነበር?» እባላለሁ ብሎ ዝም ካለ፣ ቀዳዳውን ቀድሞ የሚያገኘው አጥቂው ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 በቅን ልቦና የደህንነት ምርምር የሚሠሩ ሰዎች እንዳይከሰሱ መመሪያ አውጥቷል። በሕግ ክፍል የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች ለአገራችን የሚስማማውን መንገድ ብታጠኑልን ትልቅ አገልግሎት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

1. በራሳችን ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ጭነን እንለማመድ። የራሳችን ቤት ነውና ማንንም አናስፈቅድም።
2. የሌላ ሰው ሥርዓት ላይ ከመሞከራችን በፊት የጽሑፍ ፈቃድ እንቀበል። ምን፣ መቼና እስከ የት እንደተፈቀደ በግልጽ ይጻፍ።
3. ሳንገባ ቀዳዳ ካየን እዚያው እንቁም። የሰው ዳታ አንቅዳ፣ በቴሌግራም አንለጥፍ። ያየነውን ለባለቤቱ ወይም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በጽሑፍ አሳውቀን ቅጂውን እናስቀር።
4. ብቻችንን አንሥራ። መምህር ወይም ክበብ ምስክር ይሁነን።

በመድረሳ ስለ ኢስቲእዛን የተማርነው ለዚህም ይሠራል፦ ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ያልተፈቀደለት ይመለሳል። የበሩ ክፍት መሆን ፈቃድ አይደለም። የተመለሰ ሰው ግን በሩ ክፍት መሆኑን ለባለቤቱ ቢነግር ሊመሰገን እንጂ ሊጠረጠር አይገባም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።